ሴይ፣ ቴል፣ ስፒክ፣ ቶክ በፖላንድኛ፦ የትኛው ግስ የት ይገባል?

ከእንግሊዝኛ ወደ ፖላንድኛ የሚተረጉም ሰው መጀመሪያ የሚሰናከለው በከባድ ቃል አይደለም፤ «አለ»፣ «ነገረ»፣ «ተናገረ» በሚሉት ተራ ግሶች ነው። እንግሊዝኛ ጉዳዩን በዋናነት በአራት ግስ ይጨርሰዋል፦ ሴይ፣ ቴል፣ ስፒክ፣ ቶክ። የፖላንድኛም ዋና ዋናዎቹ አራት ናቸው፦ ሙቪች፣ ፖቭዬጄች፣ ሮዝማቭያች፣ ኦፖቭያዳች። ቁጥሩ እኩል ስለሆነ አንድ ለአንድ የሚገጥሙ ይመስላል። አይገጥሙም፤ ድንበሩ የተሰመረው ሌላ ቦታ ነው።

አማርኛ ተናጋሪ እዚህ ላይ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪው የተሻለ መነሻ አለው። ነገረ፣ ተናገረ፣ ተነጋገረ፣ አናገረ ብሎ ከአንድ ሥር አራት ነገር መለየት የለመደ ሰው የፖላንድኛው አከፋፈል ብዙም አይገርመውም። ስለዚህ ምክራችን የእንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር በልብዎ አማርኛ አድርገው ከዚያ ወደ ፖላንድኛ እንዲሻገሩ ነው። ሦስት ቦታ ላይ ግን አማርኛው ራሱ ያሳስታል፤ ዝቅ ብለን እንመጣባቸዋለን።

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር። የፖላንድኛ ቃላቱን የጻፍነው በፊደላችን ነው። ፖላንድኛ ጠንካራና ለስላሳ «ሽ»፣ ጠንካራና ለስላሳ «ች» አለው፤ ፊደላችን ሁለቱን አይለይም። ለአነባበብ በቂ ነው፤ ለፊደል አጣጣል ግን መዝገበ ቃላት መክፈት ግድ ነው።

ሙቪች ወይስ ፖቭዬጄች?

በመልክ አይመሳሰሉም እንጂ ሁለቱ የአንድ ግስ ሁለት ፊት ናቸው። ሙቪች ያላለቀውን፣ የቀጠለውን፣ የሚደጋገመውን ንግግር ይይዛል። ፖቭዬጄች አንዴ ተብሎ ያለቀውን ይይዛል። እንግሊዝኛው ሴይ ይበል ቴል ለፖላንድኛው ግድ አይሰጠውም፤ የሚጠይቀው «ተብሎ አልቋል ወይስ እየተባለ ነው?» ብቻ ነው። «ትናንት ነገርኩት» ካሉና ወሬው አንድ ጊዜ ደርሶ ካለቀ «ፖቭዬጃዌም ሙ» ነው፤ ተናጋሪዋ ሴት ከሆነች «ፖቭዬጃዋም ሙ»። «ሁልጊዜ እነግረው ነበር» ከሆነ «ዛፍሼ ሙ ሙቪዌም»።

ፖቭዬጄች የአሁን ጊዜ የለውም። «ፖቭዬም» የሚለው እርባታ ቅርጹ የአሁን ጊዜ ይመስላል፤ ትርጉሙ ግን ወደፊት ነው፦ «እነግራለሁ፣ ልናገር ነው»። «አሁን እየተናገርኩ ነው» ለማለት «ሙቭዬ» እንጂ ሌላ አማራጭ የለም። ጀማሪ ተርጓሚ በብዛት የሚወድቀው እዚህ ነው፤ እንግሊዝኛው በአሁን ጊዜ የጻፈውን በፖቭዬም ሲያስቀምጥ ዓረፍተ ነገሩ ሳይታወቀው ቃል ኪዳን ይሆንበታል።

በትእዛዝ ላይ ደግሞ አዎንታውና አሉታው ግስ ይለዋወጣሉ። «ንገረኝ» «ፖቭዬትስ ሚ» ነው። «አትንገረው» ግን «ንዬ ሙፍ ሙ» ነው፤ ከሙቪች የመጣ። ክልከላ በፖላንድኛ በተለምዶ የሚነገረው ባላለቀው ገጽታ ነው። ባለቀው ገጽታ «ንዬ ፖቭዬትስ» ቢባል ሰሚው የሚረዳው እንደ ማስጠንቀቂያ ነው፤ «ሳታስበው እንዳያመልጥህ» እንደማለት።

አንድ ከሕጉ ወጣ ያለ ነገርም አለ። ክርክር ረትቶ የሚኩራራ ሰው፣ የተናገረው አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆንም «አ ንዬ ሙቪዌም?» ነው የሚለው። የኛው «አላልኩህም?» ቁርጥ እሱን ነው። በፖቭዬጄች ቢተረጎም ቃሉ ይገባል፣ ኩራቱ ግን ይጠፋል።

ቋንቋ መናገርም የሙቪች ነው፤ ያውም «ፖ» ከሚለው ቃል ጋር፦ «ሙቪች ፖ ፖልስኩ»፣ «ሙቪች ፖ አምሃርስኩ»። የቋንቋውን ስም በቀጥታ ተሳቢ አድርጎ ማስገባት ስህተት ነው። ስሙን መጠቀም ከፈለጉ ግሱን ወደ «ማወቅ» ይቀይሩት፦ «ዝናም ፖልስኪ»፣ ፖላንድኛ አውቃለሁ።

ሮዝማቭያች፦ ሌላው ሰው ይመልሳል?

ስፒክ ቱ እና ቶክ ቱ ሲመጡ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ የሚደመጠው ሰው መልስ ይሰጣል? ከመለሰ ተነጋገረ ማለት ነው፤ ግሱ ሮዝማቭያች ይሆናል። ካልመለሰ ሙቪች ነው፤ «ለማን» የሚለውም «ዶ» በሚል መስተዋድድ ይገባል። «ሙቭዬ ዶ ቼብዬ!» ማለት «ለአንተ እኮ ነው የምናገረው!» ነው፤ ልጁ ጆሮ ሲነፍግ እናት የምትለው። በሮዝማቭያም ብትቀይረው ተግሣጹ ጭውውት ይሆናል።

ከሮዝማቭያች ኋላ የሚመጣው የተወሰነ ነው። ከማን ጋር ለማለት «ዝ» እና የመሣሪያ ሙያ (ሙያ ማለት ስሙ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ እንዳለው ሚና የሚይዘው ቅርጽ ነው)፤ ስለ ምን ለማለት «ኦ» እና የቦታ ሙያ። ቀጥተኛ ተሳቢ አይወስድም፤ በ«ዤ» የሚጀምር ሐረግም (የኛ «እንደ»/«መሆኑን») አይከተለውም። ስለዚህ «ከሐኪሙ ጋር ተነጋግረን መድኃኒቱ እንደተለወጠ ነገረኝ» የሚለውን በአንድ ግስ ለመጨረስ የሞከረ ሁሉ ይሳሳታል፤ ሁለት ግስ ያስፈልጋል፤ ሮዝማቭያች ለመነጋገሩ፣ ፖቭዬጄች ለተባለው ነገር።

ያለቀው ገጽታ ፖሮዝማቭያች ነው። «ሙሺሚ ፖሮዝማቭያች» ማለት «መነጋገር አለብን» ነው፤ በየትኛውም ቋንቋ ሆድ የሚያስፈራው ዓረፍተ ነገር።

ስልክ ላይ ሁለቱ ግሶች በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይገናኛሉ። ያነሳው ሰው «ክቶ ሙቪ?» ይላል፤ «ማን ልበል?» እንደምንለው። ደዋዩ ደግሞ «ቺ ሞጌ ሮዝማቭያች ዝ ፓኔም ዲሬክቶሬም?»፤ «ዳይሬክተሩን ማነጋገር እችላለሁ?» እንግሊዝኛው በሁለቱም ላይ ስፒክን ይጠቀማል። የመጀመሪያው ድምፁን ያሰማውን ሰው ይጠይቃል፣ ሁለተኛው ንግግሩን ይጠይቃል፤ የግሱም ልዩነት ይኸው ነው።

ስሙም ከግሱ ይከተላል። «ሮዝሞቫ» ንግግር፣ ውይይት፤ የሥራ ቃለ መጠይቅ «ሮዝሞቫ ክቫሊፊካትሲይና» ነው። ከየካቲት 6 እስከ ሚያዝያ 5 ቀን 1989 (እንደ ጎርጎርዮሳዊው) መንግሥትና ተቃዋሚዎች ዋርሶ ላይ ያደረጉት የክብ ጠረጴዛ ድርድርም በፖላንድኛ «ሮዝሞቪ ኦክሮንግዌጎ ስቶዉ» ነው የሚባለው። ሁለት ወገን ስለተመላለሰበት «ሮዝሞቪ» በትክክል ይገጥመዋል።

ኦፖቭያዳችና ጋዳች ባጭሩ

ኦፖቭያዳች (ያለቀው፦ ኦፖቭዬጄች) መተረክ ነው፤ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ወሬ። ቴል ከታሪክ፣ ከተረት፣ ከቀልድ፣ ከጉዞ ጋር ሲመጣ ይኼኛው ነው። ጋዳች ደግሞ የጓደኛ ቋንቋ ነው፦ ማውራት፣ መለፍለፍ። ከአለቃ ጋር «ፖጋዳች» ማለት አይገባም፤ ለጓደኛ ደግሞ ሁልጊዜ ሮዝማቭያች ማለት ልብን ያቀዘቅዛል። ቃሉ ንቀትም አለበት፤ «ጋዳሽ» በሚያዋርድ ድምፅ ሲባል «ትለፈልፋለህ» ነው።

አማርኛው የሚያሳስትባቸው ሦስት ቦታዎች

የመጀመሪያው «አለ» ነው። አማርኛ የሰውየውን ቃል እንዳለ ይጠቅሳል፦ «አሞኛል አለ»። ይህን ቃል በቃል ወደ ፖላንድኛ ያሻገረ ሰው «ፖቭዬጃው፣ ዤ ዬስቴም ሆሪ» ብሎ ይጽፋል። ፖላንዳዊ አንባቢ የሚረዳው ግን «እኔ (ጸሐፊው) እንደታመምኩ ተናገረ» ነው። በሽተኛው ተቀየረ! ትክክሉ «ፖቭዬጃው፣ ዤ ዬስት ሆሪ» ነው፤ መደቡ ወደ ሦስተኛ ይዞራል። ጊዜው ግን አይዞርም። እንግሊዝኛ ዋናው ግስ ያለፈ ሲሆን ተከታዩንም ወደ ኃላፊ ይጎትታል፤ ፖላንድኛ አይጎትትም። በእንግሊዝኛው ተጎትተው «ዤ ቢው ሆሪ» ካሉ ትርጉሙ «ቀድሞ ታሞ እንደነበር ተናገረ» ይሆናል። ስለዚህ መደቡን እንደ እንግሊዝኛው፣ ጊዜውን እንደ አማርኛው ያድርጉ።

ከዚሁ ጋር የሚጎራበት ነገር አለ፤ እዚህ ላይ ግን አማርኛው ወዳጅ ነው። «እንደመጣ ነገረው» እና «እንዲመጣ ነገረው» በአንድ ፊደል ይለያያሉ። ፖላንድኛውም እንደዚያው፦ «ፖቭዬጃው ሙ፣ ዤ ፕሺሼድው» ወሬ ነው፤ «ፖቭዬጃው ሙ፣ ዤቢ ፕሺሼድው» ትእዛዝ ነው። የኋላው ግስ ሁለቱም ላይ ያው ነው፤ ልዩነቱን ሁሉ የተሸከመችው «ቢ» ናት። «ዤ» ለ«እንደ»፣ «ዤቢ» ለ«እንዲ» ብሎ የያዘ ሰው አይስትም። ትእዛዙ ጠበቅ ያለ ከሆነ «ካዛች» አለ፤ ይህ ግን «አዘዘ» ነውና ለእኩያ ጓደኛ ወይም ለታላቅ ሰው አይመረጥም።

ሁለተኛው «ጠየቀ» ነው። በእንግሊዝኛም በአማርኛም አንድ ቃል ጥያቄንም ልመናንም ያነሣል፦ መንገድ ጠየቀ፣ ውሃ ጠየቀ። ፖላንድኛ በፍጹም አያቀላቅልም። መረጃ ከሆነ ፒታች (ያለቀው ዛፒታች)፤ ነገሩ እንዲሰጥዎ ወይም እንዲደረግልዎ ከሆነ ፕሮሺች (ያለቀው ፖፕሮሺች)። ሁለቱም «ኦ» የሚለውን መስተዋድድ ስለሚወስዱ ስህተቱ ዓይን አይገባም፤ «ዛፒታው ኦ ቮዴ» ካሉ ሰውየው ስለ ውሃው ጠየቀ እንጂ ውሃ አልጠየቀም፤ በጥማት ይቀራል። «ፖፕሮሺው ኦ ቮዴ» ቢባል ነው ብርጭቆ የሚቀርብለት።

ሦስተኛው የጽሑፍ «ይላል» ነው። ማስታወቂያው፣ ሰዓቱ፣ ቲኬቱ በእንግሊዝኛም በአማርኛም «ይላሉ»። በፖላንድኛ ሰሌዳ አይናገርም፤ «ና ታብሊችትሴ ዬስት ናፒሳኔ»፣ ሰሌዳው ላይ ተጽፏል ይባላል። ሕግ ሲሆን ደግሞ በጥሩ የቢሮ ፖላንድኛ «ኡስታቫ ስታኖቪ»፣ ሕጉ ይደነግጋል፣ ነው። «ሙቪ» በሕግ ላይም ይሰማል፤ በኦፊሴላዊ ትርጉም ግን ስታኖቪን ይምረጡ።

ቴል ሆኖ ንግግር ያልሆነው

እንግሊዝኛ ቴልን በማይጠበቅበት ይጥለዋል። መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ «ስምዎንና አድራሻዎን ይንገሩኝ» የሚለው «ፕሮሼ ፖዳች» ነው፤ ፖዳች መሠረቱ «ማቀበል» ነው፣ ጨው እንደሚያቀብሉት። ሰዓት መናገርም «ፖዳች ጎጂኔ»። ልዩነት መለየት «ኦድሩዥኒች»፤ የንግግር ግስ የለበትም። መዋሸት «ክዋማች»፤ ውሸትን ከሙቪች ጋር አያጣምሩ። እውነት ግን ይጣመራል፦ «ሙቪች ፕራቭዴ»። ቀልድ፣ ከላይ እንዳልነው፣ ይተረካል፦ «ኦፖቭዬጄች ዶፍቺፕ»።

ቅጥያ ሲቀድም ቃሉ ይከዳል

ሙቪች እና ፖቭዬጄች ፊታቸው ላይ ትንሽ ቅጥያ ሲደረብባቸው ብዙ ጊዜ ከመናገር ይርቃሉ። መዝገበ ቃላት ውስጥ ሥሩን አይተው «ንግግር ነክ ነው» ብለው አይገምቱ። በየቀኑ የሚያጋጥሙት እነዚህ ናቸው፦

ዛሙቪች፦ ማዘዝ (ምግብ ቤት፣ ዕቃ፣ ታክሲ)
ኡሙቪች ሼ፦ ቀጠሮ መያዝ፤ ከዚሁ የመጣው «ኡሞቫ» ውል ነው
ኦድሙቪች፦ እምቢ ማለት፤ ከጸሎት ጋር ሲሆን ግን መድገም
ናሙቪች፦ ማግባባት፤ ቭሙቪች፦ ያልሆነውን ማሳመን
ኦሙቪች፦ ርዕስን መወያየት፣ ያለ መስተዋድድ
ቪሙቪች፦ ድምፅን መጥራት፤ «ቪሞቫ» አነባበብ ነው፣ «ቪሙፍካ» ግን ሰበብ
ፖትፖቭዬጄች፦ ሹክ ብሎ ማስታወስ፤ ተማሪ ለተማሪ መልስ እንደሚነግረው
ዛፖቭዬጄች፦ አስቀድሞ ማስታወቅ

ሁለቱ ለብቻቸው ይነሡ። ፖሙቪች «ከ… ጋር» በሚለው «ዝ» ሲከተል ጥቂት መነጋገር ነው። ሰውየው በቀጥታ ተሳቢነት ገብቶ «ኦ» ሲከተለው ግን ስም ማጥፋት፣ ያላደረገውን አደረገ ማለት ይሆናል፤ የፖላንድ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 212 ስም ማጥፋትን የሚገልጸው በዚሁ ሥር ነው። «ላነጋግርህ ፈልጌ ነበር» ለማለት ፖሮዝማቭያች ሲኖር አደጋውን መግባት አያስፈልግም።

ኦትፖቭያዳች መመለስ ነው፤ ግን «ቶ ሚ ኦትፖቭያዳ» መልስ ሰጠኝ ሳይሆን «ይስማማኛል» ነው። «ዛ» ሲከተለው ደግሞ ተጠያቂ መሆን ነው። እዚህ አማርኛው አንድ ቦታ ያግዛል፦ ተጠያቂ የምንለውም ከመጠየቅ፣ እነሱም ከመመለስ ነው ያወጡት።

ስፒች እና ስፒከር፦ አንድ ስም፣ ብዙ ቃል

ስፒች ሲያዩ መጀመሪያ የት እንደተደረገ ይወቁ። መሪ ወይም የክብር እንግዳ አደባባይ ላይ የሚያደርገው «ፕሼሙቭዬንዬ» ነው፤ ንግግር ማድረግም «ቪግዎሺች ፕሼሙቭዬንዬ» ይባላል፤ እንግሊዝኛውን ተከትሎ «ሰጠ» አይባልም። ዩኒቨርሲቲ ላይ ከሆነ «ቪክዋት»። ጉባኤ ላይ የቀረበ ጽሑፍ «ሬፌራት»። መድረክ ላይ መቅረብ በጥቅሉ «ቪስቶምፕዬንዬ»፤ ርዝመቱና ክብሩ ካልታወቀ የሚያዋጣው ይኼ ነው። አዲስ ጠቅላይ ሚኒስትር በተሾመ በ14 ቀን ውስጥ የምክር ቤቱን የመተማመኛ ድምፅ ሲጠይቅ የሚያቀርበው የመርሐ ግብር ንግግር ደግሞ የራሱ ስም አለው፦ «ኤክስፖዜ»። ጋዜጣ ሲተረጉሙ ይህን በፕሼሙቭዬንዬ መተካት ስህተት ባይሆንም የውጭ ሰው እንደጻፈው ያስታውቃል።

«ሞቫ» የመናገር ችሎታው ራሱ ነው፤ ስለዚህ የቃል ክፍል በሰዋስው «ቼንሽች ሞቪ»፣ የንግግር እክል «ዛቡዤንዬ ሞቪ»፣ የሚያርመው ባለሙያ «ሎጎፔዳ»። በቀብርና በፍርድ ቤት ግን ሞቫ ወደ ንግግርነት ይመለሳል፦ «ሞቫ ፖግዤቦቫ» የቀብር ንግግር፣ «ሞቫ ኮንትሶቫ» የተከራካሪ የመጨረሻ ንግግር። የጥላቻ ንግግር «ሞቫ ንዬናቪሽቺ» ነው። የንግግር ነጻነት ግን «ቮልኖሽች ስዎቫ»፣ የቃል ነጻነት ነው። እንግሊዝኛው ለሁለቱም አንድ ቃል ስላለው ብዙ ተርጓሚ በአንድ አንቀጽ ውስጥ ሁለቱን በሞቫ ይጽፋቸዋል። «ንዬ ማ ሞቪ» ከሚለው ጋርም አያምታቱት፤ «ንግግር የለም» ሳይሆን «በጭራሽ!» ነው።

ስፒከር የባሰ ነው። «ስፒኬር» የሚል ቃል ፖላንድኛ ውስጥ አለ፤ ትርጉሙ የሬዲዮ ወይም የቴሌቪዥን አስተዋዋቂ ነው። ድምፅ የሚያወጣው ማጉያ «ግዎሽኒክ»፣ አዳራሽ ውስጥ የሚናገረው «ሙፍትሳ» ወይም «ፕሬሌጌንት»፣ ተነጋጋሪው ወገን «ሮዝሙፍትሳ»፣ የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ «ማርሻዌክ ሴይሙ»። የአፍ መፍቻ ቋንቋው የሆነ ሰው «ሮጂሚ ኡዢትኮቭኒክ ዬንዚካ» ነው፤ «ተጠቃሚ» ማለታቸው ነው። የአፍ መፍቻ ቋንቋ ራሱ «ዬንዚክ ኦይቺስቲ» ሲሆን ሥሩ «አባት» ከሚለው ነው፤ እንግሊዝኛው ግን በእናት ይጠራዋል። እኛ በአፍ እንፈታለን፣ ልጁ አፉን ሲፈታም ፖላንዶች «ዛቼዎ ሙቪች» ይላሉ፤ ገና መልስ አይመላለስምና ሮዝማቭያች አይሆንም።

ፍርድ ቤትና ሥራ ቦታ

ስቴትመንት የሚለው ቃል በወንጀል ጉዳይ ላይ ሲመጣ ማን እንደሰጠው ሳያጣሩ አይተርጉሙ። ምስክር የሚሰጠው «ዜዝናንያ» ነው፤ ተጠርጣሪ ወይም ተከሳሽ የሚሰጠው «ቪያሽንዬንያ» ነው። ልዩነቱ የቃላት ምርጫ ብቻ አይደለም፤ ሐሰተኛ ዜዝናንያ የሰጠ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 233 ይጠየቃል፤ ቪያሽንዬንያ የሚሰጠው ተከሳሽ ግን በዚህ አንቀጽ አይያዝም። ቃሉ ከተቀያየረ የሰውየው ቦታ ተቀያየረ ማለት ነው። ፈርመው የሚያስገቡት የራስ ማረጋገጫ ደግሞ «ኦሽፍያትቼንዬ» ይባላል።

እንዲህ ያለውን ሰነድ ለባለሥልጣን ማቅረብ ሲያስፈልግ የሚሠራው ቃለ መሐላ የፈጸመ ተርጓሚ፣ «ትውማች ፕሺሸንግዊ» ነው፤ ሙያው የሚመራው በ2004 በወጣ ሕግ ሲሆን የትርጉም ገጽ የሚቆጠረው ባዶ ቦታን ጨምሮ በ1125 ፊደልና ምልክት ነው። አማርኛ አስተርጓሚና ተርጓሚ ብሎ ይለያል፤ «ትውማች» ሁለቱንም ነው። በአፍ ለሚሠራው «ኡስትኒ»፣ በጽሑፍ ለሚሠራው «ፒሴምኒ» ብለው ካልጨመሩ የተሳሳተ ባለሙያ ሊመጣልዎ ይችላል።

«ቪፖቭዬጄች» ቃል ማውጣት፣ መናገር ነው፤ ከውል ጋር ሲመጣ ግን ማፍረስ፣ ከጦርነት ጋር ሲመጣ ማወጅ ነው። አሠሪ «ቪፖቭዬድዘንዬ» የሚል ወረቀት ከሰጠ መግለጫ አይደለም፤ የሥራ ስንብት ማስጠንቀቂያ ነው። ላልተወሰነ ጊዜ የተዋዋለ ሠራተኛ ከ6 ወር በታች ከሠራ 2 ሳምንት፣ ቢያንስ 6 ወር ከሠራ 1 ወር፣ ቢያንስ 3 ዓመት ከሠራ 3 ወር ጊዜ ያስቆጥራል። ከ«ቪፖቭዬች»፣ አስተያየት ወይም የተናገሩት ቃል፣ ጋር የሚለያዩት በጅራታቸው ብቻ ነውና ወረቀቱን እስከ መጨረሻው ፊደል ያንብቡት።

ከእነዚህ ሁሉ ግሶች በፊት የሚወሰን አንድ ነገር ግን አለ፤ እንግሊዝኛው ዩ ብሎ ያለፈው። ፖላንድኛ ለማያውቁት ሰው ለወንድ «ፓን»፣ ለሴት «ፓኒ» ይላል፣ ግሱም በሦስተኛ መደብ ይሄዳል፦ «ትሶ ፓን ሙቪ?»፣ ምን አሉ? ለጓደኛ «ትሶ ሙቪሽ?» ነው። «አንተ እንባባል» ለማለትም የሚያገለግለው ሙቪች ነው፦ «ሙቭሚ ሶብዬ ና ቲ»። በልማዱ ይህን መጀመሪያ የሚያነሣው ታላቁ ነው፣ በወንድና በሴት መካከል ደግሞ ሴቷ። ስለዚህ ደብዳቤ ወይም ውይይት ሲተረጉሙ ተናጋሪዎቹ አንቱ የሚባባሉ ይሁኑ አንተ የሚባባሉ አስቀድመው ይወስኑ፤ በመሐል ከፓን ወደ ቲ ከዞረ አንባቢው የሆነ ነገር ተፈጥሯል ብሎ ወደ ኋላ ገልጦ ይፈልጋል።